የኦቦ ኩማ ፊት

የሺአረግ ቁጡ ናት፤ ይህን ራሷም አትክድም። በሰፈራው ዘመን ከወሎ መጥተው ወለጋ የቀሩት እናቷ በሕይወት ሳሉ፣ «ይቺን ልጅ የወለድኳት ጎረቤት በርበሬ ሲወቅጥ ነው» ይሉ ነበር። እሷ ግን ነቀምቴ ተወልዳ ነቀምቴ ያደገች፣ ገበያ ላይ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ የምትጨርስ፣ ብትቆጣም በሁለቱም ቋንቋ የምትቆጣ ሴት ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። ከዚህ ውስጥ አስራ አንዱን ዓመት ያሳለፈችው እዚያው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ታረቀኝ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ከሁሉ በላይ ያናደዳት ካሜራው ነበር። ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ገብቶ ሰው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ብርሃን ቀነስ ካለ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይሆናል። ሙሽራዋ መኪና ውስጥ እየገባች፣ ሚዜዎች እያጨበጨቡ፣ የሺአረግ ቁልፉን ተጭና ትጠብቃለች፤ ካሜራው ሲያስብ ቆይቶ «ቀጭ» ሲል ሙሽራዋ ገብታ በሩ ተዘግቷል።

«ጋሼ ታረቀኝ፣ በዚህ ነገር ሰርግ ማንሳት እኮ ሰው ማታለል ነው» ስትለው፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ታረቀኝ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፣ «አንቺ ብቻ አንሺ። ዋናው ኤዲቲንጉ ነው» ይላታል።

ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም። ሰው ማስዋብ ይወዳል። ብጉር ያጠፋል፣ ጥርስ ያነጣል፣ ሽበት ያጠቁራል፣ ጠይሙን ሁሉ ቀይ ያደርጋል። ደንበኛው ፎቶውን አይቶ ፈገግ ሲል እሱም አብሮ ፈገግ ይላል። ሰው የሚከፍለው ደስ እንዲለው ነው ብሎ ያምናል።

በመጋቢት መጨረሻ አዲሱ ካሜራ ከአዲስ አበባ መጣ። ካርቶኑን የከፈተችው የሺአረግ ናት። ካሜራው ጥቁርና ኮስታራ ነበር፤ ሌንሱ ሲገጠምለት እንደ ሁለት ኪሎ ስኳር ይከብዳል። መያዣው ግን መዳፏ ውስጥ ልክ ገባ። ስትጫነው ውስጡ ያለው መስታወት ብድግ ብሎ ሲመለስ ይሰማታል፤ ድምፁ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ እንደ ቀድሞው አያስብም።

ታረቀኝ «ከወደቀ አንቺም አብረሽው ውደቂ» ብሎ ለሳምንት እንድትለማመድበት ሰጣት።

የመጀመሪያው ቀን ንዴት ብቻ ሆነ። ሁለት መቶ ፎቶ አንስታ መጣች፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዓይን ላይ የደበዘዘ ነው። ካሜራው እንደ ፈቀደው ይመርጣል፤ የሰውየውን ዓይን ትቶ የኮቱን ቁልፍ ያጠራዋል። «ደንቆሮ!» ብላ ተሳደበች፤ የተሰደበው ካሜራው ይሁን እሷ አልለየላትም። ማታውን መመሪያውን አገላብጣ፣ ካሜራው ራሱ እንዳይመርጥ ከልክላ፣ አንዷን የትኩረት ነጥብ ብቻ በአውራ ጣቷ እየገፋች ሰው ዓይን ላይ ማሳረፍ ተማረች። በማግስቱ ባጃጅ ተራ ቆማ እየሄዱ ያሉ ሹፌሮችን አነሳች፤ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ተቆጠረ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። መዘምራኑ የሚቆሙበት ጥግ ያለው አንድ አምፖል ነው፤ ስታነሳ ፍላሽ አልተጠቀመችም። በድሮው ካሜራ ቢሆን ጥላ ብቻ ይወጣ ነበር። አሁን ግን የአንዲቱ ዘማሪ የአንገት ጅማት፣ ግንባሯ ላይ ያለው ላብ፣ ሁሉም ነበር። የሺአረግ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጣ የካሜራውን ጀርባ እያየች ምስጋናው ማለቁን እንኳ አልሰማችም።

ያስቸገራት ነጭና ጥቁር አብሮ ሲቆም ነው። ይህ የሰርግ ሁሉ ጣጣ ነው። ቀትር ላይ የቬሎው ነጭ ብርሃኑን ሁሉ ይበላና የሙሽራዋ ፊት ከሰል ይሆናል፤ ፊቷን ላውጣ ሲሉ ደግሞ ቬሎው ባዶ ወረቀት ይሆናል። ጎረቤቷን ብፅዓትን ነጭ አንሶላ አልብሳ ግቢ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ አቆመቻት። ብፅዓት «እስቲ ሰው ምን ይላል፣ በቁሜ ገነዝሽኝ!» እያለች ትስቃለች፤ የሺአረግ ግን አትስቅም። ብርሃኑን ከፊቷ ላይ ብቻ መለካት፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ ሰውን ከፀሐይ ሩብ ዞር ማድረግ። በሦስተኛው ቀን ገባት። የአንሶላው ክር እየታየ የብፅዓትም ፊት ወጣ። ደግሞም ጥቁር የሚባል አንድ ቀለም እንደሌለ ያን ቀን አየች፤ ጉንጯ ላይ ቀላ ያለ፣ አገጯ ስር ሰማያዊ የመሰለ፣ ግንባሯ ላይ ማር ማር የሚል ነገር አለ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህንን ስታጠፋ መኖሯ ቆጫት፤ ከቁጭቱም ንዴቱ ባሰ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሰርግ ተያዘ። ሙሽራዋ ኬኔ ነቀምቴ የምታስተምር፣ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የኡኬ ልጅ ናት። ሙሽራው ኢቢሳ የነቀምቴ ሰው ነው። የሺአረግ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ኡኬ ደረሰች።

የኬኔ አባት ኦቦ ኩማ ወፍጮ ቤት አላቸው። ኬኔ ገና የወራት ልጅ ሳለች የወፍጮው ሞተር ነዳጅ ተያይዞ ግራ ፊታቸውን በላው። ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ቆዳው ተኮማትሮ ይንጸባረቃል፤ የግራ ዓይናቸው ቆብ ወደ ታች ተስቧል፤ ጆሯቸው ቁራጭ ቀርቷል። ኮፍያ ሳያደርጉ አይወጡም። ሰው ፊት ሲቀመጡ ግራቸውን ለግድግዳ ይሰጣሉ። ከመታወቂያው ጉርድ ፎቶ በቀር፣ እሱም በግድ፣ ከቃጠሎው ወዲህ ፎቶ ተነስተው አያውቁም።

የሺአረግ ይህን ሁሉ የሰማችው ከኬኔ ነው። ጠዋት ስትኳኳል አንስታት ስትጨርስ ኬኔ ወደ ጓዳ ሳበቻትና፣ «አባቴ ካልተነሳ እኔ አልበም የሚባል ነገር አልፈልግም። ግን እኔ ስለምነው እሺ አይለኝም። አንቺ ሞክሪው» አለቻት።

ኦቦ ኩማ ሳሎን ውስጥ፣ እንደ ልማዳቸው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ኩማ?»

«ነጋ፣ ኢንተላኮ። ደህና ነን፣ ልጄ።» ካሜራውን አዩት። «ይሄ ነው አዲሱ? ሁሉን ያወጣል ይላሉ።»

«ያወጣል።»

«እኔንም?»

የሺአረግ ማባበል አታውቅም። «እርስዎንም እንዳሉ ያወጣዎታል። ከፈለጉ። ካልፈለጉ ደግሞ አልነካዎትም» አለች።

ከውጭ የሴቶቹ ዘፈን ይሰማል። ሰውየው ኮፍያቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ፎቶ ተነሳ እያሉ ሃያ ስምንት ዓመት ለመኑኝ» አሉ። «ሁሉም ‹በዚህ በኩል ዙር፣ እንዳይታይ እናደርጋለን› ነው የሚሉኝ። አንቺ ግን እንዳሉ አልሽ። እንዳለሁ ከሆነ አንሺኝ።»

ቤቱ ጨለማ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በአንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ነው። የሺአረግ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ የግራው ፊት ወደ ብርሃኑ እንዲሆን። ኬኔ በቬሎዋ መጥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። አባት ሊመርቋት እጃቸውን አናቷ ላይ ጫኑ። የሺአረግ ብርሃኑን ከሁለቱ ፊት ለካች፣ ዝቅ አደረገች፣ ነጥቧን በተጎተተው የግራ ዓይን ላይ አሳረፈች፤ ትንፋሿንም ያዘች። ኦቦ ኩማ መርቀው ሲጨርሱ ቀና ብለው ቀጥታ ሌንሱን አዩት። ያኔ ተጫነችው።

ካሜራውን አዙራ አሳየቻቸው፤ አጉልታም አሳየቻቸው። እያንዳንዱ የጠባሳው መስመር አለ። የኬኔ ጠይም ፊት፣ የቬሎው ጥልፍ፣ የእጃቸው ጅማት፣ ሁሉም አለ። ሰውየው ረጅም ጊዜ አዩት። እጃቸውን አንስተው ጉንጫቸውን ዳሰሱ፤ ፎቶውንና ፊታቸውን የሚያመሳክሩ ይመስላሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ይሁን። እንዲሁ እንዳለ ስጪኝ። ምንም እንዳትነኪው።»

«ምንም አልነካውም» አለች የሺአረግ።

ማታ ነቀምቴ ስትመለስ ካርዱን ለታረቀኝ ሰጠችው። «የሙሽራዋ አባት ያሉበትን እንዳይነኩት። ቃል ገብቻለሁ» አለችው። «እሺ፣ እሺ» አላት። በማግስቱ ካሜራውን ይዛ ለምርቃት ፎቶ ወደ ሻምቡ ከተማ ሄደች፤ ሥራው ስምንት ቀን ፈጀባት።

ሰኞ ረፋድ ላይ ተመልሳ ከባጃጅ ስትወርድ ፎቶ ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። አልበም በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ መስኮቱን ታያለች። ኬኔ ናት። የሺአረግ ልትስማት ቀረበች፤ ኬኔ ወደ ኋላ አለች።

«ምንም አልነካውም ብለሽው አልነበረም?» አለቻት። «ሰው ፊት አላገጣችሁበት!»

«ምኑን?»

ኬኔ በአገጯ መስኮቱን አሳየቻት። መስታወቱ ላይ፣ ለመንገደኛ ሁሉ እንዲታይ፣ የበር ግማሽ የሚያህል ፖስተር ተለጥፏል። በግራ በኩል ኦቦ ኩማ አሉ፤ ያ ቀጥ ያለ ዕይታቸው፣ ያ ጠባሳቸው። ከስሩ «በፊት» ይላል። በቀኝ በኩል ደግሞ ሌላ ሰው አለ። ጉንጩ የለሰለሰ፣ ሁለት ዓይኑ እኩል፣ ሁለት ጆሮው ሙሉ። ታረቀኝ የቀኝ ፊታቸውን ገልብጦ በግራው ላይ ለጥፎታል። ሰውየው መልከ መልካም ነበር፤ ኩማ ግን አልነበረም። ከስሩ «በኋላ» ይላል። ከላይ በትልልቁ፣ «አዲስ ካሜራ፣ አዲስ ገጽታ! ታረቀኝ ፎቶ» ተብሎ ተጽፏል።

የሺአረግ ሁለቱንም ፊቶች ደግማ አየች።

«ይሄ ምኑ ነው!» አለች ኬኔ፤ አልበሙን ከፈተች። አልበሙ ውስጥ ያለው ሁሉ ያ ለስላሳው ሰው ነው። ራሷ ኬኔም የለችም፤ በቦታዋ ፊቷ እንደ ወተት ሻይ የነጣ ሙሽራ ተንበርክካለች። «ቅዳሜ ዕለት ኢቢሳ ቤት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። የናንተው ሰውዬ ራሱ አልበሙን አምጥቶ ለአባቴ በክብር ሰጠው። አባቴ ከፍቶ አየውና ‹ኩን ኤኙ?› አለ። ይሄ ማነው? ከዚያ አንዱ የኢቢሳ አጎት፣ ‹ኩማ፣ ለካ ቆንጆ ኖረሃል!› አለ። ሰው ሳቀ፤ በክፋት አይደለም፣ ግን ሳቀ። አባቴ አልበሙን ዘግቶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ እህል ሳይቀምስ ወጣ። በማን ሚኒባስ እንደ ሄደ እንኳ አላወቅንም። ከዚያ ወዲህ አፉ ተዘግቷል።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችው። «እኔ እሱን ሳውቀው በዚህ ፊቱ ነው። ሌላ ፊት አላውቅለትም። ይሄን ሰውዬ አጠገቤ ማን አቆመው?»

የሺአረግ የፎቶ ቤቱን በር ገፍታ ገባች።

ታረቀኝ ባንኮኒው ኋላ ነበር። «መጣሽ? እንዴት ነበር ሻምቡ?» አለ ፈገግ ብሎ።

የሺአረግ ሳትመልስ ወደ መስኮቱ ሄዳ ፖስተሩን ከላይ በጥፍሯ ያዘችና እስከ ታች ቀደደችው።

«ኧረ ምን ሆነሻል! እብድ!»

«ምን አልኩህ እኔ?» አለች። አስራ አንድ ዓመት «እርስዎ» ስትለው ኖራ ያን ቀን አንተ አለችው፤ ሁለቱም ሰሙት። «አትንካው አላልኩህም? ቃል ገብቻለሁ አላልኩህም?»

«ውለታ ነው የዋልኩለት!» ታረቀኝ ከልቡ ተገርሟል። «ሦስት ሌሊት ሙሉ ነው የሠራሁት፣ ታውቂያለሽ? ዓይኑን ብቻ ለማስተካከል አንድ ሌሊት! በልጁ ሰርግ ላይ እንደ ሰው ሆኖ እንዲታይ ብዬ እንጂ ምን ጥቅም አለኝ?»

«እንደ ሰው? ሰውየው ምን ነበሩ?»

«ቃሌን አትጠምዝዢብኝ። ማንም ሰው ቆንጆ ሆኖ መታየት ይፈልጋል።»

«እሳቸው አልፈለጉም! በአፋቸው ነግረውኛል! ቆንጆ አድርጌያቸዋለሁ ካልክስ የተቃጠለውን ፊታቸውን መንገድ ላይ መስቀል ምን አመጣው? ማንን ጠየቅክ? ልጃቸውን ጠየቅክ?»

ታረቀኝ ወደ በሩ አየ። ኬኔ ደፉ ላይ ቆማለች። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማስታወቂያ ነው። ሰው ይሄን አይቶ ነው የሚመጣው። ቅዳሜና እሁድ ስንት ሰው እንደ ገባ ብታውቂ... ደግሞ የኔ ካሜራ ነው፣ የኔ ፎቶ ነው።»

የሺአረግ ካሜራው ያለበትን ቦርሳ ከትከሻዋ አወረደች። እጇ ባንኮኒው ላይ ሊወረውረው ከጅሎ ነበር። ካሜራው ግን ምን አጠፋ? የተባለውን አድርጓል፤ ያየውን አውጥቷል። በቀስታ አስቀመጠችው።

«ካሜራህ እዚህ አለ» አለች። «እኔ ኡኬ እሄዳለሁ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ኬኔና የሺአረግ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱ ሲጋመስ ኬኔ፣ «ስለ ፖስተሩ አትንገሪው። አላየውም። ካወቀ ይሞትብኛል» አለቻት።

«እነግራቸዋለሁ» አለች የሺአረግ። «አንድ ጊዜ ያለ ፈቃዳቸው ተሸፍነዋል። እኔ ደግሜ አልሸፍናቸውም።»

ኬኔ ተናዳ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች፤ ግን አልከለከለቻትም።

ኦቦ ኩማ ወፍጮ ቤት ነበሩ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ሴቶች እህላቸውን አሰልፈዋል፤ የሰውየው ቅንድብና ኮፍያ በዱቄት ነጥቷል። የሺአረግን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ይህ ከስድብ በላይ አማት። እየጮኸች ነገረቻቸው፤ ሞተሩ እንዲያ ስለሚጮኽ በዝግታ ማውራት አይቻልም ነበር። የተለጠፈውን፣ የተጻፈውን፣ ለስንት ቀን እንደ ቆየ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ተሰልፈው ያሉት ሴቶችም ሰሙ።

ኦቦ ኩማ እጃቸውን ዘርግተው ሞተሩን አጠፉ። ጸጥታው ራሱ አስደነገጠ።

«በፊት ይላል?» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ በፊት ነኝ ማለት ነው።» ኮፍያቸውን አውልቀው ዱቄቱን ጉልበታቸው ላይ አራገፉ፤ ግን መልሰው አላደረጉትም። «እንሂድ።»

«አባ፣ ነገ ይሻላል፣ ተረጋጋ...» አለች ኬኔ።

«አሁን ነው የምሄደው።» ለተሰለፉት ሴቶች፣ «እህላችሁን ተዉት፣ ማንም አይነካውም። ከሰዓት እፈጫለሁ» አሉና ወጡ።

ከነቀምቴ መናኸሪያ እስከ ቡርቃ ጃቶ ባጃጅ አልያዙም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ራሳቸውን ገልጠው፣ በመንገዱ መሀል ለመሀል ሄዱ። ሰው ዞር ብሎ ያይ ነበር። አንዳንዱ አወቃቸው፤ ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ያያቸው ይሆናል። አንዲት ልጅ በጣቷ ስትጠቁም እናቷ እጇን መታ አወረደችው። የሺአረግ ከኋላ ሆና እያንዳንዱን የሚያይ ሰው ልትደባደብ ፈልጋ ጥርሷን ነክሳ ሄደች።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር፤ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጉርድ ፎቶ ይጠብቃሉ፤ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ መስታወት ፊት የልጁን ፀጉር ታስተካክላለች። ታረቀኝ ኦቦ ኩማን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ።

«አካም... እንኳን ደህና መጡ፣ ኦቦ...»

ኦቦ ኩማ እስከ ባንኮኒው ቀረቡ። ሁለት እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አሳረፉ፤ ፊታቸውን ወደ ታረቀኝ ፊት አስጠጉ።

«እየኝ» አሉ።

ታረቀኝ ቁልፎቹን አየ፣ ስልኩን አየ፣ የተቀደደውን ፖስተር አየ።

«እየኝ እንጂ። ሦስት ሌሊት ሙሉ አይተኸኛል አሉ። አሁን ምን ነካህ?»

ታረቀኝ ቀና አለ፤ ግን ዓይኑ የቀኙ ጉንጭ ላይ ሄዶ አረፈ።

«በዚያ አይደለም። በዚህ ነው።» ኦቦ ኩማ የታረቀኝን እጅ ከባንኮኒው ላይ አነሱትና የግራ ጉንጫቸው ላይ ጫኑት። «ጀምር። አስተካክለኝ እስቲ። ከየት ነው የምትጀምረው? ከዓይኔ ነው? ከጆሮዬ? እኔ እዚህ ቆሜልሃለሁ፣ ሰውም ይየን።»

ታረቀኝ እጁን ሊስበው ሞከረ፤ ሰውየው አለቀቁትም። አርባ ዓመት ጆንያ ያነሳ እጅ ነው። ተማሪዎቹ ቆመው ቀሩ። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ።

«ይቅርታ፣ አባቴ» አለ ታረቀኝ። «ለበጎ ብዬ ነው። እውነቴን ነው፣ ለበጎ ብዬ...»

«ስምህ ማነው?»

«ታረቀኝ።»

«ዛሬስ አልታረቅህም።» እጁን ለቀቁት። «ፊቴን መልስልኝ።»

ታረቀኝ አታሚውን መክፈት እንኳ አቃተው። የሺአረግ ሳትጠየቅ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጣ ያልተነካውን ፎቶ ፈለገች። ነበር። በትልቁ ወረቀት አተመችው፤ ቀስ እያለ ከግንባር ወደ አገጭ ሲወጣ ኬኔ አጠገቧ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ታየዋለች። ወጥቶ ሲያልቅ ኦቦ ኩማ ተቀብለው አንድ ጊዜ ብቻ አዩትና ለኬኔ ሰጡ።

«አሁን ከውስጡ አጥፊው» አሉ።

የሺአረግ ቀና አለች። «የቱን?»

«ሁሉንም። እኔ ያለሁበትን በሙሉ። እንዳለውም፣ ያ ሰውዬም። ከዚህ ማሽን፣ ከካሜራው፣ ካለበት ሁሉ። ይሄ ሰው እጅ ላይ ዳግም አልቀርም።»

የሺአረግ አይጡን እንደ ያዘች ቀረች። በዕድሜዋ ካነሳቻቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው። ያቺ ጠባብ መስኮት፣ ያ ዓይን። እንደዚያ ያለ ፎቶ ሁለተኛ አነሳለሁ ብላ አታምንም። ለቅጽበት በሰውየው ላይ ሳይቀር ተናደደች፤ እኔ ምን አደረግኩ፣ ለእኔስ አንድ ቢተዉልኝ ምን ነበር ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። እሷም እንደ ታረቀኝ «የኔ ፎቶ ነው» ልትል ደርሳ ነበር።

ፋይሎቹን አንድ በአንድ እያሳየቻቸው አጠፋች። መጣያውንም ባዶ አደረገች፤ የሰርጉንም ካርድ ከጠረጴዛው አንስታ ደመሰሰችው። ካሜራውን ከቦርሳው አውጥታ ሁለቱንም ካርዶች ከፍታ አሳየቻቸው፤ የሻምቡ ምሩቃን ብቻ ነበሩ። ታረቀኝ ከጥግ ቆሞ ያያል። ሲወጡ፣ «የሺ፣ ነገ ትገቢያለሽ አይደል?» አላት።

ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

በር ላይ ኬኔ ባጃጅ ልታስቆም ወደ አስፋልቱ ወረደች። ኦቦ ኩማ ፀሐዩ ስለበረታ ኮፍያቸውን አደረጉ። የሺአረግ አጠገባቸው ቆማለች። ምናልባት ምስጋና ጠብቃ ነበር፤ ይህን በኋላ ስታስበው አፈረች።

«አንቺንም ተቆጥቻለሁ» አሏት።

«እኔን?»

«አንቺን። እሱ አያውቀኝም። ፊቴን የሰጠሁት ላንቺ ነው። አንቺ ደግሞ ለሱ ሰጥተሽ ሻምቡ ሄድሽ።»

የሺአረግ ልትከራከር ፈለገች። ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሎኛል፣ ሥራ ነው፣ አሠሪዬ ነው። ሁሉም አፏ ላይ ደረሰ።

«እውነትዎን ነው» አለች።

ኦቦ ኩማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባጃጁ ቆመ። ኬኔ ፎቶውን ጭኗ ላይ ዘርግታ አባቷ ገብተው እስኪቀመጡ ጠበቀች፤ ከዚያ አንገቷን አውጥታ ለየሺአረግ እጇን አነሳች። ኦቦ ኩማ ፊት ፊታቸውን እያዩ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ያልተፈጨ እህል ይጠብቃቸዋል።

የሺአረግ ታረቀኝ ጋ አልተመለሰችም። ሁለት ወር ሥራ ፈትታ ከረመች፤ ከዚያ ብፅዓት ግቢ በር ላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከአንድ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ አስተማሪ በተገዛ አሮጌ ካሜራ ሥራ ጀመረች። ደንበኛዋ ብዙ አይደለም። የታረቀኝ ቤት ግን ዛሬም ሰው ይሞላል፤ መስኮቱ ላይ አሁን የተለጠፈችው ፊቷ የነጣ ሙሽራ ናት፤ ማንነቷን የሺአረግ አታውቅም። በዚያ ባለፈች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ብፅዓት «በሌላ መንገድ እየሄድሽ ለምን አትገላገይም?» ትላታለች። የሺአረግ ግን መንገዷን አልቀየረችም፤ በየቀኑ በዚያው ታልፋለች።